ባለ አንድ ጫማዋ ልጅ

የእማማ ሱዪን መቀስ ሥራ ከፈታ ሰንብቷል። ድሮ አዲስ ዓመት ሲቃረብ የመንደሩ ሴት ቀይ ወረቀቷን ይዛ፣ መስኮት ላይ የሚለጠፍ የወረቀት አበባ ይቁረጡልኝ እያለች ኮረብታው ውስጥ ከተፈለፈለው ዋሻ ቤታቸው ደጃፍ አትጠፋም ነበር። ዛሬ የመስኮቱን ወረቀት መስታወት ተካው፤ ወጣቱም ከተማ ገብቶ ፎቅ ላይ ወጣ። መቀስ የምትይዝ አንዲት ልጅ እንኳ የለችም። ያሳፍራል።

የልጅ ልጃቸው ዞንግሊያንግ ሊያገባ ነው ሲባል ግን እማማ እንደገና ሰው ሆኑ። መቀሳቸውን አስሳሉ፣ ከቀይ ወረቀት ዓሣውን ከውሃ አበባ ጋር፣ ዶሮውን ከነላባው ቆረጡ። በካርቶን መሀል አድርገው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ዞንግሊያንግ በሩን ከፍቶ ካርቶኑን ሲያይ አንገቱን አከከ።

«አያቴ፣ መስኮቱን እኮ ዪፋን ጨርሳዋለች። በስልክ አዝዛ ነው።»

ዪፋን ሙሽሪት ናት። እማማ ቅር አላቸው፤ ቢሆንም የሙሽራ ቤት ነውና ዋጥ አድርገው ገቡ። ቀና ብለው መስኮቱን ሲያዩ ግን ክው አሉ።

ቀይ ፕላስቲክ ነው። ጉንጉናቸው ወደ ላይ የቆመ ሴት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። የመሀለኛዋ አንድ ጫማ ብቻ አድርጋለች።

በእነሱ አገር እነዚህ ልጆች ለሠርግ አይቆረጡም። ሕፃን ሲደነግጥ ወይም ሲታመም ነፍሱ ከገላው ትወጣለች ይባላል፤ እናት እጅ ለእጅ የተያያዙ የወረቀት ልጆች ቆርጣ በሩ ላይ ትሰቅልና ስሙን እየጠራች ግባ ትለዋለች። ነገሩ ሲያበቃ ወረቀቱ ይቃጠላል፤ ካልተቃጠለ መጥራቱን አይተውም። የእማማ ሱዪን ሴት ልጅ፣ ማይ የምትባለው፣ ወንዝ ውስጥ ወድቃ አንድ ጫማዋን ውሃ ወሰደው፣ እሷንም ትኩሳት ጣላት። እማማ፣ ነፍሷ ራሷን እንድታውቅ ብለው የመሀለኛዋን አንድ እግሯን ባዶ አድርገው ቆረጧት። ማይ ግን አልተመለሰችም።

ወረቀቱን አቃጠሉት። የቀረው በኩራዝ ጭስ ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀሩት ጥላው ብቻ ነበር፤ ቆራጭ ሁሉ ንድፉን የሚያኖረው እንዲያ ነው። እሱን ለማቃጠል እጃቸው እምቢ አለ። ከዓመታት በኋላ ካሜራ ያንጠለጠለ አንድ አፈ ቅቤ መጣ፣ ለቅርስ ነው አለ። ይህን ሥራ የሚያስታውስ ሰው ተገኘ ብለው እማማ ደስ አላቸው፤ ኑድል ቀቅለው አበሉትና ንድፎቹን ያኖሩበትን ሣጥን ከፈቱለት፤ እሱም አንድ በአንድ ፎቶ አነሳ። ለካ ንድፉን ለፋብሪካ የሚሸጥ ሌባ ነው ያበሉት።

«ያምራሉ አይደል አያቴ?» አለች ዪፋን ከኋላቸው። «ባዶ እግሯ እንኳ የፋብሪካ ስህተት መስሎኝ ልመልሰው ነበር።»

«ስሟ ማይ ይባላል» አሉ እማማ።

ዞንግሊያንግ ፊቱ ነጣ። በልጅነቷ የሞተች አክስት እንዳለችው ያውቃል።

እማማ ወንበር ላይ ወጥተው ልጆቹን ከመስታወቱ ላጧቸው፤ ማንም አልከለከላቸውም። ወጥ ቤት ገብተው ምድጃውን ለኮሱ። ወረቀት ቢሆን ኖሮ ወዲያው አመድ ይሆን ነበር። ይሄኛው ተኮማተረ፣ ከረፋ፣ ጥቁር እያንጠባጠበ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። አመድ የሚባል ነገር የለውም።

ዪፋን እሳቱን አጠፋች።

«ሌላም ሰው ገዝቶታል?» አሉ እማማ።

«በጣም የሚሸጠው እሱ ነው አያቴ» አለች በቀስታ። «በየአገሩ፣ በየመስኮቱ ነው ያለው።»

እማማ ሱዪን በመስኮቱ አሻግረው ፎቆቹን አዩ፤ ቀይ ያልተለጠፈበት መስኮት የለም።

«ታዲያ ልጄ በየትኛው ትግባ?» አሉ።