ፍሬው የአንቱ ነው

ባርናባስ የሰበታ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ወላይታ ሳለ በካቶሊክ ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት አራት ዓመት ላቲን ተምሯል። ቅስናው ሳይሆንለት ቀርቶ፣ አሁን በአስተዳደሩ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሰው ብሶት ይጽፋል። ላቲን ሰበታ ላይ ምን ይሠራል? ምንም። እሱ ግን ከላቲን የተወለደ ቃል ካገኘ ምሳውን ይረሳል።

በ2008 ጥቅምት መጨረሻ፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊበላ ነው ተብሎ አገሩ ሲታመስ፣ ኦቦ ገርባ የተባሉ የጤፍ ገበሬ ማሳቸው የተካተተበትን የአንድ አበባ እርሻ የእንግሊዝኛ ውል ቅጂ ይዘው መጡ። በውሉ ላይ የገበሬዎቹ መብት «ዩዙፍራክት» ተብሏል። ለኔ ምን ተረፈኝ ነው ጥያቄያቸው።

ባርናባስ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ኡሱስ መጠቀም ነው፣ ፍሩክቱስ ፍሬ ነው አላቸው። ፍሩክቱስ ደግሞ መደሰት ከሚል የላቲን ግስ ይወጣል፤ የግሱም ሥር ከላቲን በፊት፣ ስማቸው እንኳ ያልተረፈ ሰዎች ስለ ምርትና ጥጋብ ሲያወሩ ይጠሩት የነበረ ነው።

«ባጭሩ መሬቱ የሌላ ነው፣ ፍሬው የአንቱ ነው» ብሎ ጨረሰ። ሽማግሌው ደጋግመው ጠየቁት፤ ደጋግሞ አረጋገጠላቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

በሳምንቱ እዚያው አጠገብ ዓለም ገና ከተማ ላይ ጎማ ነደደ፣ መንገድ ተዘጋ። ኦቦ ገርባም ፍሬዬን አልቀማም ብለው፣ ደቦ ጠርተው፣ ገና ያልደረሰውን ጤፍ አጨዱት። በሦስተኛው ቀን ቀያሾች በፖሊስ ታጅበው መጡና ማሳውን «ሰብል የሌለው» ብለው መዝግበው ለአበባ እርሻው ከለሉት። ካሳ የሚታሰበው በቆመ ሰብል ነው። ባርናባስ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በየቀኑ የሚጽፈው እሱኑ ነው። ለሽማግሌው ሳይነግራቸው የቀረው በላቲኑ ሰክሮ ነው።

ወሬውን ሲሰማ መቀመጥ አቃተው። እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ በመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ይደነግጣል። አፈረ፣ ፈራም።

ሰኞ ኦቦ ገርባ መጡ።

«አከም ጂርታ፣ ባርሲሳ» አሉት በኦሮምኛ፤ እንዴት ነህ ሲሉት እንኳ መምህር ማለቱን አልነፈጉትም።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ አቤቱታውን በነፃ ልጻፍልዎት ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ጤፍ አውጥተው ወረቀቱ ላይ አፈሰሱት።

«የነገርከኝ እውነት ነው። ፍሬው እቤቴ ገብቷል፣ ማንም አልነካብኝም» አሉት። «አሁን የት ልዝራው?»