«ሰው አለ ወይ አጠገብሽ?»

ከቤት የወጣሁት ዶሮ ሳይጮህ ነው። ወግ ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ ከዘመሮ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው ሚኒባስ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ እሱ ካመለጠ የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስም አመለጠ ማለት ነው። አባቴ መረቁኝና ቶሎ ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ በሩን ይዛ ቀረች። እስከ ዘመሮ በእግር የሸኘችኝ ታንጉት ናት።

ታንጉትን ለማታውቋት ልንገራችሁ። አብሮ አደጌ ናት። የእናቷን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። ኩበት ስንለቅም፣ የበግ ጠጉር ስንፈትል፣ ጓሳ ሣር ተሸክመን ስንወርድ ሁለታችንን ነጥሎ የሚጠራን አልነበረም፤ አንዳችንን የፈለገ ሰው «እናንተ!» ብሎ ነው የሚጣራው። ብርዱ ሲጠና በአንድ ባና ተጠቅልለን እናድራለን። እሷ ባናውን ወደ ራሷ ትስባለች፣ እኔ እቆነጥጣታለሁ፣ እናቴ ሁለታችንንም ትሰድባለች።

ያን ሌሊት የበሶ ከረጢቴን ተሸክማልኝ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። አላለቀሰችም።

«የሰው አገር ብርድ አለ አሉ» አለችኝ።

«ከኛ ብርድ የባሰ?»

«እሱስ የትም የለም» ብላ ሳቀች።

ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል መስኮቱን መታ መታ አደረገች። «ስሚ፣ ሳትነግሪኝ እንዳታገቢ!»

«አንቺስ?»

«እኔ ደግሞ ምን ደብቄሽ አውቃለሁ!» አለች። አቧራው ሸፈናት።

ቤይሩት በሰው ቤት እየሠራሁ ስላሳለፍኩት ጊዜ ብዙ አልጽፍም። እዚያ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁትን እግዜር አያሳያችሁ። ማዳሟ ልጇን ልትጠይቅ ኖርዌይ ስትሄድ ሻንጣ እንድሸከምና ሕፃን እንዳዝል ይዛኝ መጣች። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ፤ ቆሻሻውን ጣልኩና በዚያው ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ፖሊሱ የጠፋብኝ ዕቃ ያለ መስሎት ምን ጠፋብሽ እያለ በእጁ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? እኔ ነኝ የጠፋሁት።

ከዚያ የጥገኝነት ቃለ መጠይቁ መጣ። ጠያቂው ጸጉሩ እንደ ተልባ እግር ነጭ የሆነ ወጣት ነው፤ አስተርጓሚው በስልክ የሚሰማ የኛ ሰው።

«በጣም የምትቀርቢው ሰው ማን ነው?»

«ታንጉት።»

«ምንሽ ናት?»

«አብሮ አደጌ።»

አስተርጓሚው ረጅም ነገር ተናገረ። ወጣቱ አሰበና «እህትሽ ናት» አለ።

«እህቴ አይደለችም።»

«የአጎት ልጅ?»

«አይደለችም።»

«እንግዲያው ጎረቤት ናት።»

«ጎረቤትማ ብዙ አለን። እሷ ታንጉት ናት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ለእንደዚህ ዓይነት ሰው እዚህ ቅጽ ላይ ቦታ የለም» አለኝ። እኔም በሆዴ፣ ቦታ የሌለውስ ለእኔ ነው አልኩ።

ታዲያ ያን ቀን አንድ ነገር ልቤን አሞቀው። ይህ ወጣት «አዎ» ማለት ሲፈልግ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ «ህህ» ብሎ። ልክ እንደኛ! እናቴ ወሬ ስታዳምጥ እንደምታደርገው። የሰሜን ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው አሉኝ። ሌላ ነገራቸው ሁሉ ባዕድ ሆኖብኝ ይቺ ትንፋሽ ብቻ የአገሬ ነበረች።

የመኖሪያ ፈቃድ ሲሰጠኝ ከሰሜኑም ሰሜን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ መደቡኝ፤ ሥራዬ የዓሣ ፋብሪካ ነው። አንድ ኤርትራዊ ነበረ፣ ስመጣ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝና በወሩ ወደ ኦስሎ ሄደ። ብርዱን ከኛ ጋር አታወዳድሩት። የመንዝ ብርድ ፊት ለፊት መጥቶ ይገርፍሃል፣ እሳት ዳር ስትጠጋ ይለቅሃል። የዚህ አገር ብርድ ጨለማ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ የሚባል የለም፣ ሰዉም ምንም እንዳልጎደለ ሁሉ መንገድ ላይ «ታክ፣ ታክ» እየተባባለ ይመሰጋገናል።

አንዲት ክፍል ያከራዩኝ ብሪት የሚባሉ አሮጊት ናቸው። በቋንቋቸው አንቱታ የለም፤ ልጅም ሆነ ሽማግሌ «አንተ»፣ «አንቺ» ነው። ምላሴን ቢያሳክከኝም እንደነሱ እጠራቸዋለሁ። ለእናንተ ስጽፍ ግን አንቺ የምልበት አፍ የለኝም። መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን ሽሮ ሠራሁ። የጭስ ማስጠንቀቂያው መጮህ ሲጀምር ከፎቅ ወረዱ።

«ምን ተቃጠለ?»

«ምንም። ሽሮ ነው፣ ምግብ ነው።»

«ምግብ መሆኑ ገብቶኛል። የተቃጠለው ምንድን ነው?»

አቀመስኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት ጠጡና «አስደሳች ነው» አሉ። እዚህ «አስደሳች» ማለት ሁለተኛ እንዳታቀምሺኝ ማለት ነው። እኔም የሳቸውን አይብ ቀመስኩ፤ «ብሩንኡስት» ይሉታል፣ ቡናማ ነው፣ እንደ ሳሙና ይቆረጣል፣ ይባስ ብሎ እንደ ስኳር ይጣፍጣል። አይብ እንዴት ይጣፍጣል? «አስደሳች ነው» አልኳቸው።

ሁሉን የምችለው በእሁድ ስልክ ነበር። እሁድ ታንጉት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ጎራ ትላለች፣ እናቴ ስልኩን ትሰጣታለች። ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

«ሴት ከሆነች እታገኝ ነው የምላት፣ በስምሽ።»

«ምን በደለችሽና?»

ከዚያ በጦርነቱ ሰበብ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ፤ ያን ጊዜ ለናንተ አልነግራችሁም። መስመሩ ሲመለስ አባባን አነጋገርኳቸው፣ ወንድሜንም አነጋገርኩት። ታንጉት ብቻ የለችም።

«ታንጉትስ?» እላለሁ።

«አራስ አይደለች? ከቤት አትወጣም» ትላለች እናቴ።

በሌላው እሁድ፣ «ባሏ አገር ሄዳለች።» በሌላው፣ «ጠበል ወርዳለች።» ልጁስ ስላት «ወንድ ነው፣ ደህና ነው» ብላ ወሬ ትለውጣለች። እናቴን በቪዲዮ ልያት ብል «ካሜራው ተበላሽቷል» አለችኝ። እኔ ሞኟ አኮረፍኩ! ወለደችና ረሳችኝ ብዬ በታንጉት ተቀየምኩ።

እናቴ ግን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራት።

«ሰው አለ ወይ አጠገብሽ?»

«ማን ይኖራል እማዬ? ብቻዬን ነኝ።»

«የአገር ልጅ? ቄስ? የማኅበር ሰው?»

«ከዓሣ በቀር የማውቀው የለም አልኩሽ እኮ!»

«በይ እንግዲህ፣ ደህና ሁኚ።»

ባል ፈልጊ ልትለኝ ዙሪያውን የምትሄድ መሰለኝ። ደብረ ብርሃን ያለው አጎቴም ደውሎ እንዲሁ፣ «እዚያ ከተማ ዕድር የላችሁም? የሚጠይቅሽ ሰው የለም?» አለኝ። እንዲያዝኑልኝ ብዬ ብቸኝነቴን አጋንኜ ነበር የምነግራቸው።

አንድ ሐሙስ ብሪት በሬን አንኳኩ። ከጓደኞቻቸው ጋር በየሳምንቱ ሲኒማ ይገባሉ፤ አንዷ ታማ ትኬቷ ተርፏል።

«ምን ዓይነት ፊልም ነው?» አልኳቸው።

«ምንም የሚሆን ነገር የለበትም። በጣም ጥሩ ነው።»

እውነታቸውን ነው። አንዲት ልጅ ድንች ትልጣለች። አንዱን ልጣ እስክትጨርስ አየን። ሁለተኛውን አነሳች፤ እሱንም አየን። ይህንንማ አገሬ እያለሁ በነፃ አይ ነበር ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። የማን አገር እንደሆነ አልያዝኩትም፤ ተራራና በግ ያለበት ነው። ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ የግርጌውን ጽሑፍ ሳነብ አልተቻኮልኩም። ሁለት ትንንሽ ልጆች አንድ ባልዲ ውኃ በእንጨት አንጠልጥለው፣ እንጨቱን በጫፍና በጫፍ ይዘው ዳገት ይወጣሉ። አንዷ ስትፈጥን ውኃው በሌላዋ እግር ላይ ይፈሳል። ይሰዳደባሉ። ሳላውቀው ሳቄ ቆመ፤ ያቺ የምትፈጥነው ታንጉት ነበረች።

ከዚያ አንደኛዋ ታመመች ተብሎ ወደ ከተማ ተወሰደች። የቀረችው ለብቻዋ ድንች ትልጣለች። አንድ ሰውዬ ከከተማ መጥቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደጅ ላይ ቆመ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። «ቤት ውስጥ ማን አለ?» አላት። «ማንም የለም፣ ሁሉም ሣር አጨዳ ሄደዋል» አለችው። ውኃ ለመነና ጠጥቶ ሄደ። ሌላ ቀን መጣ። «ማን አለ?» «ማንም የለም።» ውኃ ጠጣ፣ ሄደ። ጥማት ያለበት ሰው ብቻ ነው የሚመስለው። ልጅቷ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ገና ሳይጠይቃት ውኃውን ቀድታ ጠበቀችው።

ብሪት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይሄ ሰውዬ ለምን አይነግራትም? ምን ያመላልሰዋል?»

«ብቻዋን ናታ!» አልኳቸው፣ እንደ መቆጣት ብዬ። «መርዶ ብቻውን ላለ ሰው ይነገራል እንዴ? ሰው ከሌለ ማን ይይዛታል? አጠገቧ ሰው እስኪኖር ነው የሚጠብቀው።»

የተናገርኩትን ጆሮዬ ሰማው። ጠበሉ፣ ካሜራው፣ አጎቴ፣ «ሰው አለ ወይ አጠገብሽ?» ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ካሜራው አልተበላሸም፤ እናቴ ጥቁር ለብሳለች። በየእሁዱ ደጄ ድረስ እየመጣች፣ ብቻዬን ነኝ ስላት ሸክሟን ይዛ ስትመለስ ኖራለች። ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም።

መንገድ ላይ ለብሪት ነገርኳቸው። በኛ አገር ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚነገር፣ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ እንደሚመጣ፣ ባዕድ አገር ላለ ሰው ደግሞ ያገሩ ልጆች ተፈልገው እንደሚላኩ፣ እኔ ዘንድ የሚላክ ሰው እንደጠፋ። ጥያቄ አላበዙም።

«ቅዳሜ ጠዋት ልደውል ነው። አብረውኝ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ?»

«ምንም።»

«ልናገር?»

«አይናገሩ።»

ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። «እሱን እችላለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ጨለማው ሳይገፈፍ በሩ ተንኳኳ። ብሪት ብቻቸውን አልነበሩም፤ የሲኒማ ጓደኞቻቸውን ሁሉ ይዘው መጥተዋል፣ ታማ የነበረችውም ሳትቀር። «ብዙ ሰው ነው የሚመጣው አላልሽም?» አሉኝ። እንዳገራቸው ልማድ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በካልሲ ገብተው፣ ሲኒማ እንደሚያዩ ሁሉ በመደዳ ተቀመጡ። ሳቄም እንባዬም ባንድ ላይ መጣ። ደወልኩ።

«እታገኝ? ምነው በቅዳሜ?» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ሰው አለ አጠገቤ።»

በስልኩ ከብቶቹ ሲወጡ ይሰማኛል።

«ምን አልሽኝ?»

«ሰው አለ አልኩሽ። ትልልቅ ሴቶች ናቸው። ቤቱ ሙሉ ነው።»

«ያገር ልጆች ናቸው?»

«ፈረንጆች ናቸው።»

«ፈረንጅም ይሁን ሰው ነው» አለች በመጨረሻ። «በዕድሜ የሚበልጡትን ስጭልኝ።»

«ቋንቋችንን አይሰሙም፣ እማዬ።»

«ግዴለም። አስቀድሞ ለነሱ ነው የሚነገረው።»

ስልኩን ለብሪት ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ አደረጉት። የእናቴ ድምፅ ከውስጡ ይወጣ ጀመር፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ እየፈጠነ። ስታርፍ ብሪት ትንፋሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ፣ «ህህ»። እናቴ ይህን ስትሰማ የተረዷት መስሏት ትቀጥላለች። «ታንጉት» ስትል ሰማሁ። «ምጥ» ስትል ሰማሁ። «መንገዱ» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ለቅሶዋ መጣ፣ ያን ሁሉ ወር ያፈነችው። ብሪት አንድ ቃል ሳይገባቸው ፊታቸው በእንባ ራሰ፣ ግን በየመሐሉ «ህህ» ማለታቸውን አልተዉም።

ሲያበቃ ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ተነስተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሌሎቹም ማንም ሳይነግራቸው ወንበራቸውን ሳቡ።

«ነግሬያቸዋለሁ» አለች እናቴ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እነሱ ይይዙሻል። በይ አሁን ላንቺም ልንገርሽ። ተቀምጠሻል?»

«ተቀምጫለሁ» አልኳት።