ጎፋ ላይ የተኛው ሰው

ከመካኒሳ አቦ በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው መጥቶ ወይዘሮ ውዳሴ አጠገብ ዘፍ አለ። ቱታው በጀሶ ነጥቷል፤ ቅንድቡ እንኳ አልቀረ! ከቱታው ሥር ብቅ ያለው የሸሚዝ ኮሌታ ግን በካውያ የተተኮሰ ነው፤ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ያስታውቃል። በሶ የተበጠበጠበት ሃይላንድ እንደታቀፈ አንገቱ እሷ ትከሻ ላይ ወደቀ።

«ኧረ እፈር! በዚህ በጠራራ ፀሐይ ጠጥተህ ትሳፈራለህ?» አለች በክርኗ እየጎሸመችው።

ሰውየው ነቅቶ ሳቀ። «አልጠጣሁም እናቴ፣ ከፈለጉ ያሽቱኝ! ከተውኩ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ከተውኩ ወዲህ ግን ጉልበቴ የት እንደገባ እንጃ!»

ውዳሴ እውነትም አሸተተችው። በሶና ጀሶ ብቻ!

«ታዲያ ቤትህ ገብተህ አትተኛም?»

«ቤቴማ ሀና ማርያም ነው። ጎፋ ላይ ግን የለመድኩት አረቄ ቤት አለ፤ ሲደክመኝ እግሬ ሳያማክረኝ ይወርዳል። ስለዚህ ጎፋ እስኪያልፍ እተኛለሁ።»

ይህን ብሎ ትከሻዋን ተደግፎ እንቅልፉን ቀጠለ፤ እንዴት ያለ የሚያስቀና እንቅልፍ!

ሾፌሩ «ጎፋ ወራጅ አለ?» ሲል የሰውየው ሽፋሽፍት ተንቀጠቀጠ። ውዳሴ አየችው። መውረጃዋ ጎፋ ነው፤ ብትነሳ ግን ጭንቅላቱ ወድቆ መንቃቱ ነው።

በነጠላዋ ጫፍ ጆሮውን ሸፈን አደረገችለትና፣ «የለም! ንዳው አንተ!» አለች።