የሙሉነሽ ፎቶ

እንጅባራ ውስጥ ይሄነው ያልቀረጸው ሙሽራ ካለ ተደብቆ ያገባ መሆን አለበት። ሙያውን የጀመረው የፈረስ በዓል ሊቀርጽ ለመጣ አንድ ጣልያናዊ የፊልም ባለሙያ ዕቃ ተሸክሞ ነው። ሰውየው ሲሄድ የመቅረጫ መብራቱን ተወለት። ይሄነው ካሜራ ገዛ፤ መብራቱን የምትይዝለት ሚስቱ ሙሉነሽ ሆነች። ከጥሊሊ እስከ ግምጃ ቤት ያልዞሩበት ዳስ የለም።

ባለፈው ክረምት ሙሉነሽ ታማ ሞተች። ወንድሟ ገበየሁ አስከሬኗ ከቤት ሳይወጣ መጣና፣ «ፎቶዋን አምጣ፣ ይዘን እናልቅስላት» አለው። በአገሩ ወግ የሟች ፎቶ በእጅ ካልተያዘ ለቅሶው ለቅሶ አይመስልም። ይሄነው ፎቶ ቤቱን ቢያገላብጥ የሰው ሚስት ሁሉ አለች፤ የእሱ የለችም።

«አንተ ካሜራማን አይደለህም እንዴ?» አለ ገበየሁ ግራ ገብቶት።

መብራት የሚይዝ ሰው ምስል ውስጥ አይገባም። ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ጉርድ ፎቶዋን አንስቶ፣ አሳድጎ አተመው። ማኅተሙ ግማሽ ጉንጯን ሸፍኖታል። በዚያው ተለቀሰ።

ለቀስተኛው ሲበተን ቤቱ ጭር አለበት። ፊቷ ባይገኝ ድምጿ አይጠፋም ብሎ የድሮ ሰርጎችን ማየት ያዘ። ሞኝ! የሰርጉን ድምፅ እያጠፋ ዘፈን የሚጭንበት ራሱ አይደለም እንዴ? ደንበኛ የሚወደው እንደዚያ ነዋ። የሰው ሁሉ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ኪቦርድ ብቻ ነው። እንደዚያን ሰሞን ሙያውን ጠልቶት አያውቅም።

አንድ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ ሲያባራ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ የቀረጸውን አንድ ሰርግ አገኘ። ሙሽሮቹ ወዲያው ተጣልተው ቪዲዮውን ሳይወስዱት ስለቀሩ አልተነካም፤ ዘፈንም አልተጫነበትም። ማምሻ ላይ ሙሽሪት ከዳሱ ትወጣለች፤ ይሄነው ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል ከፊቷ ወደ ኋላ እየተራመደ ይቀርጻታል። ድንገት መብራቱ ከሙሽሪት ፊት ተነሳና ምስሉ ጨለመ።

ሙሉነሽን ሁልጊዜ የሚቆጣት በዚህ ነበር። «ሙሽሪትን አጨለምሽብኝ!» ይላታል፤ እሷ ስቃ ታልፈዋለች። በየሰርጉ እንዲህ የጨለመውን ሁሉ እየቆረጠ ሲጥል ኖሯል።

አሁን ከጨለማው ውስጥ ድምጿ መጣ።

«ቆይ፣ ከኋላህ ጉድጓድ አለ። እግርህ ላይ አብርቼልሃለሁ… ወደ ቀኝ… እሺ፣ አሁን ርገጥ።»

መብራቱ ወደ ሙሽሪት ተመለሰ። ይሄነው ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰና ጨለማውን እንደገና ከፈተው።