«አፍሽን ክፈቺ» ይሉን የነበሩት ሲስተር ዘቢባ

ሲስተር ዘቢባ በሕይወት ሳሉ ያልሰማቻቸው ከተማ፣ ሲሞቱ ይህን ሁሉ እንባ ከየት አመጣችው? ከቀብር ከተመለስን ወዲህ ይህን ጥያቄ ይዤው እዞራለሁ። አዋላጅ ነርሳችን ባለፈው ሳምንት ዐርፈው እዚሁ አዳማ ተቀብረዋል። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከፊት ተቀምጠው ሲንሰቀሰቁ ካየኋቸው መካከል፣ ከእርሳቸው ክፍል ወጥተው ልጃቸውን በቀጥታ ወደ መንደር ጥርስ ነቃይ የወሰዱ ነበሩበት። መልካቸውን አልስትም፤ እርሳቸው ይሠሩበት በነበረው ጤና ጣቢያ ካርድ የማወጣው እኔ ነኝ።

ሲስተር ነፍሰ ጡር ስትመጣላቸው ሆዷን ከመንካታቸው በፊት «አፍሽን ክፈቺ» ይሉ ነበር። ሴቶቹ ይስቃሉ።

«ኧረ ሲስተር፣ ያረገዝኩት በሆዴ ነው!»

«ሆድሽ በየት በኩል ነው የሚበላው?» ብለው ባትሪያቸውን ያበራሉ።

«በእርግዝና ጊዜ ድድ ይቆጣል፣ ይደማል። ደማ ብለሽ መፋቂያውን አትተዪው፤ ለስለስ አድርገሽ ፋቂ» ይሏት ነበር። በየልጁ አንድ ጥርስ ይሄዳል የሚለውን የቆየ አባባል ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። «ልጅ የእናቱን ጥርስ አይበላም፤ የሚበላው ቸልታ ነው።» ጥርሷ መግሎ «እስክወልድ ልቻለው» የምትለውን እጇን ይዘው ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ያደርሷት ነበር።

እኔም ከጽዳት ሥራ ወደ ማታ ትምህርት የገባሁት፣ ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ በእርሳቸው ጉትጎታ ነው። እንደ ብዙ የስምጥ ሸለቆ ሰው ጥርሴ ቡናማ ነው፤ ስናገር አፌን በእጄ እከልል ነበር። «አውርጂው» አሉኝ። «የጠጣሽው ውሃ ነው እንጂ ነውርሽ አይደለም።»

አንድ ነገር ግን አልሸነፍ አላቸው። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው፣ ገና ያልወጣው ጥርስ ድዱን ሲያሳብጠው፣ «የወተት ጥርስ ነው፤ ካልተነቀለ ይገድለዋል» ይባላል። ከዚያ ያንን ለጋ ድድ በሽቦ ይፈለቅቁታል። ሲስተር «ገዳዩ ሽቦው ነው» እያሉ ድምፃቸው ሰለለ። ከኋላቸው ምን ይባል እንደነበር፣ ድንኳኑ ውስጥ ማንም አላነሣውምና እኔ ልጻፈው፦ «መካን ስለ ልጅ ምን ታውቃለች?»

ሲስተር ዘቢባ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ሌላው «ደጓ እናታችን» እያለ ይሸኝዎት። እኔ የምሸኝዎት ያችን ጠዋት ይዤ ነው።

ጫልቱ የምትባል ልጅ እግር እናት ከአማቷ ጋር ከአቦምሳ መጥታ ነበር። ሕፃኑን ተቅማጥ አዝሎታል። እርስዎ የሚጠጣውን የተቅማጥ መድኃኒት ሊበጠብጡለት ሲነሡ፣ አማትየዋ ልጁን ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተነሺ፣ ነቃይዋ እየጠበቀችን ነው! ሲስተር፣ እርስዎ ወልደው አያውቁም፤ አይፈረድብዎትም።»

ካርዱን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። እርስዎ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ወልጃለሁ፣ አዴ» አሉ፣ በኦሮምኛ አክብረው ጠርተዋቸው። «ሰዓዳ ትባል ነበር። ነርስነት ሳልማር ነው። ልክ እንደዚህ ተቅማጥ ያዛት፤ አማቴ ነቃይ አመጡ። ስትንፈራገጥ ጭንቅላቷን ግጥም አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ደሙ አልቆም አለ። ዳግም ጡቴን ሳትይዝ ሞተች። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

የዘመንዎ ትምህርት ሁሉ ያልረታውን ቁስልዎ ረታው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይመረኛል። አማትየዋ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። «አላህ ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉ። አዳማ ውስጥ ስለ ሰዓዳ ያዘነልዎት የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ነበሩ።

ጫልቱ ልጇን አቀበለችዎት። እርስዎም ጭንቅላቱን ደገፉና፣ «በይ፣ አፉን ልየው» አሉ።