ያልተቃናው ፓራፋንጎ

ሰፈሩ ሁሉ «መዶሻው» ይለው ነበር። የመኪና ላሜራ ቀጥቃጭ ነው፤ የተጨራመተ ሁሉ በእጁ ይቃናል። «አዲስ ዕቃ ልግዛ እንዴ?» ለሚለው ባለመኪና መልሱ አንድ ነበር፦ «ምን በወጣህ! እኔ እያለሁ?» በዚህ ኩራቱ አገር ያውቀዋል። ኩራቱ አንድ ቀን ጉድ እንደሚያፈላበት ግን ማን ያስብ ነበር?

ሚስቱ የአትክልት ጋሪዋን እየገፋች ስትመለስ የፖሊስ መኪና ገጭቷት ሳይቆም ሄደ። እግሯ ደቀቀ። ካሳ ካላገኘች ቀዶ ጥገናው የማይታሰብ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ ተመልሳ አትቆምም። ጣቢያው «ሰው የገጨ መኪና የለንም» አለ። ብትከስም ዳኛው በቀጠሮው ቀን ማስረጃ ካላመጣች መዝገቡን እንደሚዘጉት ነገሯት።

ቀጠሮው ሲቃረብ አንድ ሃምሳ አለቃ የፖሊስ ፒክአፕ እየነዳ ጋራዡ ገባ። ከፊት ጎማው በላይ ያለው ላሜራ፣ ፓራፋንጎው፣ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ጋሽ መዶሻው፣ የግቢ በር ታክከን ነው። እጅህ ወርቅ ነው ሲሉ ሰምተን መጣን። ለነገ ይደርሳል?»

«ይደርሳል ጌታዬ።»

ሰውየው ሲሄድ ጎንበስ ብሎ አየው። ስብራቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተጋግሯል። የሚስቱን ጋሪ ከአውቶቡስ በተረፈ ቀለም የቀባው ራሱ ነው፤ ያን አረንጓዴ በሕልሙም አይስተው። ቢያቃናው የሚስቱን እግር በገዛ መዶሻው ሊቀብር ነው።

እናም ዕድሜውን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ። ፓራፋንጎውን ነቀለ፤ ከወዳደቀ መኪና ደህናውን ፈትቶ ገጠመለት፤ ቀለሙን አዛመደ። የተነቀለውን በሸራ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ወሸቀው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሚስቱ።

«እግርሽ ነው። ዳኛው ፊት እናስቀምጠዋለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቢያውቁብህስ?»

«ከየት አባታቸው ያውቃሉ!»

ከሣቀች ሰንብታ ነበር፤ ያን ቀን ሣቀች።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሃምሳ አለቃው ቃል የማይተነፍሱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። እጁን ከፓራፋንጎው ሥር ሰድዶ በዝግታ ዳበሰው።

«አይ ጋሽ መዶሻው! የመዶሻ ምልክት እንኳ የለው።»

«እንግዲህ… እጄ ነዋ።»

«አንተ ዕቃ አትቀይርም ነበር የተባልነው።» ፈገግ አለ። «አሮጌውስ የት ገባ?»

«ለ… ለብረት ለቃሚ ሰጠሁት።» ከዚያ ጋራዥ ለብረት ለቃሚ የተሰጠ ዕቃ ኖሮ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ ደንበኛ ሁሉ ያውቃል።

ሃምሳ አለቃው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። የኋላውን በር ከፈተለት።

«በል ግባ፣ ቤትህ እናድርስህ። ባለቤትህንም እግረ መንገዳችንን እንጠይቃታለን።»

ስለ ሚስቱ አንዲት ቃል አልነገራቸውም ነበር። ከሁለቱ ዝምተኞች መሐል ተቀመጠ። መኪናው ከዳቦ ቤቱ ጥግ ታጠፈ፤ የውሃ ቦኖውን አልፎ በጠባቧ መንገድ ገባ። ቤቱ የት እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀውም።