እትዬ ልኬ ለሻምበል ወለል ሲመርጡ

እትዬ ልኬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሰው ሱሪውን ይዞ ከበራቸው ሲደርስ ከሰላምታው በፊት "ቁም እስቲ፣ ልክህን ልየው" ስለሚሉ። ሜትራቸው ከአንገታቸው፣ እርሳሳቸው ከጆሯቸው አይለይም። እኔ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ። ልጆቼ ያደጉት እሳቸው በሰፉት ልብስ ነው፤ ይህንንም የማወራላችሁ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ያየሁትን ነው።

በቤቱ ውስጥ እሳቸው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ልጃቸው፣ ሻምበል የሚባል ውሻና እሜቴ የምትባል ድመት ይኖሩ ነበር። ሻምበል ስሙን ያገኘው ገና ቡችላ ሳለ ደረቱን ነፍቶ ይራመድ ስለነበር ነው። ሟቹ ባለቤታቸው ከሥራ ሲመለሱ በኮታቸው ኪስ ይዘውት ነው የገቡት። በኋላ ግን ሶፋ ላይ ከወጣ ለሰው ቦታ አይተርፍም። የዘወትር ቦታው ከስፌት መኪናው ሥር ነበር። እትዬ ልኬ በአንድ እግራቸው ፔዳሉን ሲረግጡ ሌላው እግራቸው እሱ ጀርባ ላይ ያርፋል። እሜቴ ደግሞ እንደ ስሟ ናት፤ ከማንም ጋር አትጋፋም፣ የሚጋፋትም የለም።

የቤቱ ወለል የቆየ ሊሾ ነበር፤ ተሰነጣጥቆ መርፌ በወደቀ ቁጥር ይውጣል። ልጅየው ይህን ሲያይ ኖሮ፣ እናቱ እህታቸው ዘንድ ሰንበት ለማለት ሄደው ሳለ በገዛ እጁ ነጭ ሴራሚክ አነጠፈበት። ምን ልበላችሁ፣ መስታወት ነው! እትዬ ልኬ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙት። ሻምበል ናፍቋቸው ስለነበር ከጓሮ እየበረረ ገባ። አራቱም እግሩ በአራቱም አቅጣጫ ሄደና በሆዱ ተንሸራቶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

ሁላችንም ሳቅን። እትዬ ልኬ አልሳቁም፤ ውሻው ቶሎ መነሳት እንዳቃተው ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሻምበል በቤቱ ውስጥ እንደ ሌባ በግድግዳ ጥግ ነበር የሚሄደው። የእንስሳት ሐኪሙ ዳሌውን ዳሰሰና "እናቴ፣ እርጅናውን መመለስ አልችልም" አላቸው። "የሚያባብሰው ግን መንሸራተቱ ነው። በተንሸራተተ ቁጥር ያመዋል፣ ሲያመው ደግሞ ይፈራል። የሚረግጠው ነገር እግሩን ይያዝለት።"

እትዬ ልኬ መጀመሪያ ጥፍሩን አስቆረጡለት። ቀጥለው ከሹራብ ቁራጭ ካልሲ ሰፍተው ከሥሩ ጎማ ለጠፉበት። ሻምበል ካልሲውን እንዳጠለቀ እንደ ሐውልት ደርቆ ቀረ፤ ዞር ሲሉለት በጥርሱ እየጎተተ አወለቀው፤ አንዱን ካልሲ እሜቴ ወስዳ ከቁም ሳጥን ሥር ደበቀችው። ትንንሽ ምንጣፍ ጣል ጣል ቢያደርጉለት ምንጣፉ ራሱ አብሮት ይንሸራተታል። ትልቅ ምንጣፍ አነጠፉ፤ እሱን ደግሞ እሜቴ ጥፍሯን ሳለችበት፣ ሻምበልም በእርጅና ሽንቱ ያመልጠው ስለነበር ሽታው አላስቀምጥ አለ። ደንበኛ ልኩን እያስለካ በአፉ መተንፈስ ጀመረ።

በመጨረሻ ውሻው ራሱ ወሰነ፤ በረንዳ ላይ ተኝቶ አልገባም አለ። እኔም ለማጽናናት ብዬ "ውጪ ቢተኛስ ምን አለበት? ውሻ አይደል እንዴ?" አልኳቸው።

"አንቺስ ስታረጂ በረንዳ ላይ ብናስተኛሽ?" አሉኝ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ።

ከዚህ ወዲያ ምክር የለም።

የከበዳቸው ለልጃቸው መንገሩ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሰበብ ይፈልጋል፣ ወገቤን በረደኝ ይላል። እሳቸው ግን ምሳ አቅርበውለት ፊት ለፊት ነገሩት።

"ልጄ፣ ወለልህ ቆንጆ ነው። ከቆንጆም ቆንጆ። ግን ሻምበልን ከቤት ያስወጣው እሱ ነው።"

"እማዬ፣ ለውሻ ብለሽ ሴራሚኬን ልታስነቅይ ነው?"

"አንዱንም አላስነቅልም። ላዩን ነው የማለብሰው።"

"ታዲያ ከመንቀል በምን ይሻላል? ጉልበቴ እስኪላጥ ተንበርክኬ ነው የሠራሁት!"

"አውቃለሁ፤ ሱሪህን የጠገንኩት እኔ አይደለሁ? ግን አባትህ በኪሱ ይዞት የገባውን እኔ ላስወጣው እንዴ?"

ልጅየው ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ፤ ለተወሰኑ ቀናትም እራቱን ውጪ በላ። እትዬ ልኬ አልተቆጡትም፣ ሐሳባቸውንም አልቀየሩም። ሸሚዙን እንደ ወትሮው ተኩሰው አልጋው ላይ ያስቀምጡለት ነበር። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ወይ እጮህ ነበር ወይ እተወው ነበር።

ወለል ፍለጋ የወጣነው አብረን ነው። እትዬ ልኬ ሱቅ ሲገቡ ቀለም አያዩም። የውኃ ጠርሙስ ከቦርሳቸው አውጥተው ናሙናው ላይ ጠብ ያደርጋሉ፣ በመዳፋቸው ገፋ ገፋ ያደርጋሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይቆሙበታል። አንዱ ሻጭ አይቶ አይቶ "እናቴ፣ ወለል ነው የሚገዙት ወይስ ፈረስ?" ቢላቸው "ፈረስማ ቢሆን ጥርሱን አይቼ በገላገልኩህ" አሉት። ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸውና ያለውን ሁሉ ያወጣላቸው ጀመር።

እንጨቱን ወደውት ነበር፤ ያሻሹታል፣ ያሸቱታል። ሻጩ የተጣለ ቁራጭ ሰጥቷቸው በመቀስ ጫፍ ጫር ሲያደርጉት ግን ነጭ መስመር ወጣ። "ሻምበል በአንድ ሳምንት ካርታ ይሥልበታል" ብለው መለሱት። ሸካራው የድንጋይ ንጣፍ እግር ይይዛል፤ ግን ለታመመ ዳሌ ይቀዘቅዛል፣ ይጠጥራልም። የቀረው ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ ነበር፤ ከሥሩ ስፖንጅ ነገር አለው፣ ሽንት አያሳልፍም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሻጩ የሚያብረቀርቀውን ሊያሳምናቸው ሞከረ። እትዬ ልኬ ውኃ አፍስሰውበት "በል አንተው ሂድበት" አሉት። አልሄደም።

ከፕላስቲኩ የሸካራዎቹን ቁራጭ ተውሰው በረንዳው ላይ ደረደሩ። ሻምበል አንዱን አሸተተ፣ ሁለተኛውን ረገጠና ተወው፣ ከአንዱ ላይ ግን ወጥቶ ዘርፈጥ ብሎ ተኛ። መልኩ የደረቀ ጭቃ ነው። እትዬ ልኬ ዓይናቸው ያረፈው ግራጫው ላይ ነበር፤ ሻጩን ሲጠይቁ ያ ዓይነት ሸካራ በሌላ ቀለም የለም ተባሉ።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ የሚኖርበት እሱ ነው" አሉና ጭቃውን ገዙ።

አሮጌ ጋዜጣ አጣብቀው እንደ ቀሚስ ለየክፍሉ ልክ አወጡለት፤ ምሰሶው፣ የበሩ ጉበን፣ ሁሉም በየቦታው። ታዲያ የኮሪደሩን ሲቆርጡ ጋዜጣውን ገልብጠው ኖሮ ግራው ቀኝ ሆኖ ቁጭ! "ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ አንድ እጅጌ ገልብጬ አላውቅም!" ብለው መቀሱን ጥለው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ።

ልጅየው የገባው በዚህ መሃል ነው። ቆሞ አያቸው። ጫማውን አወለቀ፣ አጠገባቸው ተንበረከከ።

"እማዬ፣ ተነሺ በቃ። ጫፉ ካልተጣበቀ ይነሳና ይጥላችኋል፤ አንቺንም እሱንም።"

"አንተ ካልክ።"

"የእንግዳውን ክፍል ግን እንዳትነኪብኝ።"

"የእንግዳውማ ያንተ ነው። እሜቴም ሙቀቱን ያለ ሴራሚክህ አትችለውም።"

እሱ ሲያጣብቅ እሳቸው ቁራጩን እያቀበሉ ዋሉ።

ሥራው ሲያልቅ ሻምበል ዘሎ የሚገባ መስሎን በሩን ከፍተን ጠበቅን። አልገባም። ጉበኑ ጋ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ወለል የሚባል ነገር ሁሉ የሚጥለው መስሎታል። ልጅየው ሊጎትተው ሲል እናቱ እጁን ያዙት። መኪናውን ትተው በእጅ የሚሰፋ ሥራ ይዘው መሃል ወለሉ ላይ፣ መሬት ተቀመጡ። አልጠሩትም፤ በቁራሽም አላባበሉትም። ዘምዝመው ሲጨርሱ ተነሱ፤ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ እዚያው ተቀመጡ። ወገባቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ ሲነሱ ግድግዳ ይዘው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፍ እያስተከልኩ ሳለሁ ሻምበል አንድ እግሩን አስገባ። ቆየ። ሌላውን አስገባ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ ይሰፋሉ። እየተንቀጠቀጠ መጥቶ አገጩን ጉልበታቸው ላይ ሲያደርግ ግን መርፌው ከእጃቸው ወደቀ። ፈልጌ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የእሳቸው ዓይን በእንባ ተሞልቶ አያይም ነበር።

ሻምበል ወጣት አልሆነም፤ ከዚያ ወዲህም አልሮጠም። ግን እስኪሞት ድረስ ከክፍል ክፍል በራሱ እግር ተዘዋውሯል። እትዬ ልኬ ስፌታቸውን አልተዉም። አንዳንድ ደንበኛ የወለሉን ቀለም አይቶ "ምነው እንዲህ ያለ መረጣችሁ?" ሲል ልጅየው ከእናቱ ቀድሞ ነው የሚመልሰው፦

"መልኩን ተወው፤ እስቲ ርገጠው።"